ወይዘሪት፣ ለሰውዬው ንገሪው

ወይዘሪት አንድም ቀን ተናግራ አታውቅም። በቀቀን ሁሉ ይለፈልፋል ብሎ ያስወራው ማን እንደሆነ እንጃ፤ ይቺኛዋ፣ አረንጓዴ ካፖርት የደረበች የምትመስል፣ ጭብጥ የማትሞላ ፍጥረት፣ ከመንጫጫት በቀር አንዲት ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ሆኖም በዚያ ቤት ውስጥ ከእሷ የበለጠ የሚወራለት ሰው አልነበረም። መስታወት ቆርጦ በመግጠም የሚተዳደረው ባለመስታወቱና የሚስቱ አባት ሦስት ዓመት ሙሉ የሚነጋገሩት በእሷ በኩል ነበር።

“ወይዘሪት፣” ይላሉ ሽማግሌው ጠዋት ጠዋት፣ ዓይናቸውን ከሽቦ ቤቷ ሳይነቅሉ፣ “እስቲ ለሰውዬው ንገሪው፤ ዛሬም ደረጃው ላይ የመስታወት ፍርፋሪ ረግጫለሁ።”

“ወይዘሪት፣” ይላል ባለመስታወቱ ሻዩን እፍ እያለ፣ “ለአባባ ንገሪልኝ፤ ይቅርታ፣ አሁን እጠርጋለሁ።”

“ወይዘሪት፣ ለሰውዬው ንገሪው፤ ትናንትም ‘አሁን’ ብሎ ነበር።”

ወይዘሪት በሁለቱ መካከል ተቀምጣ ጭንቅላቷን አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ዘንበል ታደርጋለች። ለመልእክተኛነት እንደ እሷ ያለ አይገኝም። አትጨምርም፣ አትቀንስም፣ የሰማችውንም ጎረቤት አታደርስም።

በመሃል የምትቃጠለው የአንዱ ልጅ፣ የሌላው ሚስት የሆነችው ናት። መድኃኒት ቤት ትሠራለች። መጀመሪያ ሰሞን ታለቅስ ነበር፤ ኋላ መቆጣት ጀመረች፤ ሁለቱም አልሆን ሲል ወደ ቀልድ ዞረች። “ልጅ የላትም ያላችሁኝ ማናችሁ?” ትላለች ለሥራ ባልደረቦቿ፤ “ሁለት ያኮረፉ ልጆች አሉኝ፤ አንደኛው ሰባ ዓመቱ ነው።” ሳቋ ግን ከጥርስ አያልፍም ነበር።

ጠቡ የተነሳው ከመስታወት ነው። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን በአውቶቡስ ሹፌርነት ያሳለፉ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ሲሞቱባቸው ቤታቸውን ለቀው ልጃቸው ዘንድ ገቡ። ከሻንጣቸውና ከወይዘሪት ሌላ ይዘውት የመጡት ነገር ቢኖር የሟች ሚስታቸው መስታወት ነበር፤ ወፍራም የእንጨት ፍሬም ያለው፣ መሬት ላይ ሲያቆሙት ደረት የሚደርስ፣ ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ አብሯቸው የኖረ። የጭነት መኪናው ሲያንገጫግጨው በላይኛው ግራ ጥግ በኩል ተሰነጠቀ። ያን ቀን ሽማግሌው ደክሟቸው ጋደም ባሉበት፣ ባለመስታወቱ ወደ ምድር ቤቱ መሥሪያው አወረደው። ስንጥቁ ያለበትን የግራ ጎን ከላይ እስከ ታች አንድ ስንዝር ቆርጦ አወጣ፤ ፍሬሙን አጠበበ፣ አጣበቀ፣ ወለወለ፤ ከዚያም ግድግዳው ላይ ሰቅሎት ምስጋና ሊቀበል እጁን አጣጥፎ ቆመ። ሙያ እንደዚህ ያደርጋል። የተጎዳ ነገር ሲያይ ሰውየውን እጁን ይበላዋል እንጂ ልጠይቅ አያሰኘውም።

ሽማግሌው ተነስተው አዩ። የግራውን ጠርዝ በጣታቸው ከላይ እስከ ታች ዳበሱ። አንድ ነገር ፈልገው አጡ።

“ያቺ ቁራጭስ?” አሉ።

ምስጋና የጠበቀ ሆድ ቶሎ ይቀየማል። “የተሰነጠቀ መስታወት ምን ይሠራል አባባ? ጣልኩት፣” አለ ባለመስታወቱ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ፊት ለፊት ቃል ተለዋውጠው አያውቁም።

አልጣለውም ነበር። ባለመስታወት ያን የሚያህል ቁራጭ አይጥልም፤ በጆንያ ጠቅልሎ ከመደርደሪያው ኋላ አቁሞታል። በማግስቱ ላውጣው ብሎ አፈረ። ሲሰነብት ደግሞ ባሰበት፤ ማውጣት ማለት ዋሽቻለሁ ማለት ሆነ። ሽማግሌው ለምን እንደፈለጉትም አልገባውም። ከታች ጠርዙ ላይ እርጥበት ገብቶበት የኋላው የብር ቅብ የተላጠ፣ አውራ ጣት የምታህል ጥቁር ነጥብ ያለበት፣ በባለሙያ ዓይን የማይረባ ቁራጭ ነው። ጆንያው አቧራ ለበሰ። እሱም በዚያ መደርደሪያ በኩል ሲያልፍ ፊቱን ማዞር ለመደ።

ሽማግሌውም በበኩላቸው መሥሪያውን ረግጠው አያውቁም። መኖሪያው ፎቅ ላይ፣ መሥሪያው ምድር ላይ ስለሆነ በቀን ስንቴ በበሩ ያልፋሉ፤ ሲያልፉ ግን አንገታቸው ወደ መንገዱ ዞሮ ነው።

የካርቶኑ ነገር ደግሞ አለ። የሽማግሌው ክፍል መስኮት ከላይ በኩል ጠባብ ረዘም ያለች የአየር መግቢያ ነበረችው፤ የእሷ መስታወት በነፋስ ተሰብሮ ባለመስታወቱ “ለጊዜው” ብሎ ካርቶን ለጥፎባታል። ያ “ለጊዜው” ከረመ። “የሰው ቤት ስትገጥም ትውላለህ፣ የአባቴ ክፍል በካርቶን ይዘጋል?” ትለዋለች ሚስቱ። “በዚህ ሳምንት፣” ይላታል። ሳምንቱ ያልቃል፤ የደንበኛ ሥራ አያልቅም። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ያን ክፍል መግባት ይከብደው ነበር። ያቺ የጠበበች መስታወት እዚያ ተሰቅላ ታየዋለች።

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ነፋስ ተነሳ። ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ወይዘሪትን ከሽቦ ቤቷ አወጧት። እሷም እንደ ልማዷ የመስታወቱ ፍሬም አናት ላይ ወጥታ ቁልቁል ተንጠልጥላ ራሷን ስትስም ቆየች። ስሟን ያወጡላት ሟች ሚስታቸው ናቸው፤ “መስታወት የማይሰለቻት ወይዘሪት” ብለው። ሽማግሌው ጢማቸውን መላጨት ጀምረው ውሃ ለመጨመር ወጣ ብለው ሲመለሱ፣ በዝናብ የራሰው ካርቶን ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ከላይ ስንዝር የምታህል ሰማይ ትታያለች። ወይዘሪት የለችም።

ባለመስታወቱ ምድር ቤት ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ ሲቆርጥ በሩ ጨለም አለበት። ቀና ሲል ሽማግሌው ደጃፉ ላይ ቆመዋል፤ በአንድ ጉንጫቸው ላይ የሳሙና አረፋ አለ፣ በእጃቸው የሽቦ ቤቷን ይዘዋል። ሦስት ዓመት ያልረገጡትን ደፍ ረግጠው ገቡ። የሽቦ ቤቱን እንደ ልማዳቸው በሁለቱ መካከል ከፍ አድርገው ያዙ።

“ወይዘሪት፣ ለሰውዬው ንገሪው፣” ብለው ጀመሩ።

የያዙት ባዶ መሆኑን ያኔ አዩት። አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ።  ባዶውን ይዘው ዞረው ሄዱ።  ባለመስታወቱ ካርቶኑ ወዲያው ትዝ ስላለው ማንም ሊነግረው አላስፈለገም፤ የመስታወት መቁረጫ አልማዙን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ መሰላሉን አንስቶ ወጣ።

ወይዘሪት ሩቅ አልሄደችም። መንገዱ ጫፍ ላይ፣ ከጎሚስታው ቤት ፊት ለፊት ካለው ትልቅ ዛፍ ላይ ናት፤ ቅጠሉም እሷም አረንጓዴ፣ ለዓይን ታስቸግራለች። ባለመስታወቱ መሰላሉን አስደግፎ ሲወጣ አንድ ቅርንጫፍ ከፍ አለች። ሲከተላት ሌላ ቅርንጫፍ ከፍ አለች። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ያፏጫል፣ አንዱ ያጨበጭባል፤ “ድንጋይ ወርውሩባት፣ ትወርዳለች!” የሚልም አልጠፋ። ጎሚስታው የነፋስ መሙያ ሞተሩን ሲያስነሳው ወይዘሪት ደንግጣ ብድግ ብላ ከዛፉ ጫፍ ደረሰች።

“ወንድሜ፣ እባክህ አጥፋው!” አለ ባለመስታወቱ ከመሰላሉ ላይ።

“ጎማ ጠብቆኝ ቆሟል፣ አንተ በወፍ ሥራ ታስፈታኛለህ?” አለ ጎሚስታው። ከዚያ ባዶ የሽቦ ቤት ታቅፈው የቆሙትን ሽማግሌ አየ፤ ጉንጫቸው ላይ የደረቀውን ሳሙናም አየ። እያጉረመረመ ሞተሩን አጠፋው፤ ጭብጨባውንም እሱው ራሱ ተቆጥቶ አስቆመ።

ሲወጣ ሲወርድ ከሰዓት ሆነ፤ ባለመስታወቱ ላቡን እየጠረገ ዳግም ሲወርድ ሽማግሌው በስልክ ከልጃቸው ጋር ሲነጋገሩ ሰማ። ጀርባቸውን ሰጥተውታል፤ ድምፃቸው ግን ይሰማል።

“ብርድ አታውቅም፤ ዛሬ ውጭ ካደረች አለቀላት። ... አይ ልጄ፣ አንቺ ምን አደረግሽኝ? ካልተገኘች ግን ነገ እህቴ ጋ እሄዳለሁ። አንቺ ሥራ ትውያለሽ፤ እኔ እዚያ ቤት ከማን ጋር አወራለሁ?”

ሌላ ጊዜ ቢሆን ባለመስታወቱ “እፎይ” የሚል ይመስለው ነበር። ስንት ጠዋት ሻዩን እየነፋ ተመኝቶታል። አሁን ግን ቤቱ ታየው፤ ጠዋቱ ጸጥ ብሎ፣ ስለ ፍርፋሪው የሚቆጣው ጠፍቶ፣ ሚስቱ የአባቷን ባዶ አልጋ ስታነጥፍ።  እነዚያ የነገር ጠዋቶች ለካ ወግ ነበሩ፤ የሰውዬውን ኩርፊያ እንኳ ለምዶት ኖሯል።

ይህን እያሰበ ሳለ ወይዘሪት ከዛፉ ወረደች። ከጎሚስታው ደጅ የቆመ የጭነት መኪና አለ፤ የጎን መስታወቱ፣ ስፖኪዮው፣ ፀሐይ አግኝቶት ያብረቀርቃል። ወይዘሪት ስፖኪዮው ላይ አረፈች፣ ቁልቁል ተንጠለጠለች፣ ራሷን አየችና መንጫጫት ጀመረች። የሁሉም ትንፋሽ ቆመ። ባለመስታወቱ አንድ እርምጃ ሲራመድ፣ ምንም ያልሰማ ሹፌር የመኪናውን በር ገጭ አድርጎ ከፈተና ወፏን ወደ ዛፉ መለሳት።

ባለመስታወቱ ግን መላው ገብቶታል። ሮጦ ከመሥሪያው አዲስ መስታወት አምጥቶ ዛፉ ሥር ገተረው። ጥራቱ የሚያስቀና፣ ለአንድ ሆቴል የተዘጋጀ። ወይዘሪት ከላይ ሆና በአንድ ዓይኗ አየችው፤ የሚያርፉበት ፍሬም የለው፣ የምታውቀው ነገር የለው፤ ፊቷን አዞረች። ሁለቱ ሰዎች ዛፉ ሥር ጎን ለጎን ቆመው መሬት መሬት አዩ። የትኛውን መስታወት እንደምትፈልግ ሁለቱም ያውቃሉ። የሚጀምረው ጠፋ እንጂ።

“አባባ፣” አለ ባለመስታወቱ በመጨረሻ፣ “የእማማን መስታወት ላምጣው።”

  ሽማግሌው ዓይናቸውን ከባዶው የሽቦ ቤት አንስተው ፊቱ ላይ አሳረፉት።

“አንተ ነህ የምትሸከመው?”

“ሌላማ ማን አለ?”

“ትሰብረዋለህ።”

“በሸክም መስታወት ሰብሬ አላውቅም አባባ።”

“ቆርጠህ ግን ታውቃለህ፣” አሉ ሽማግሌው። ባለመስታወቱ አንገቱን ደፋ። ሽማግሌው ወደ ዛፉ አዩ፣ ወደ ሰማዩም አዩ። ፀሐይ ወደ ማዘንበሉ ነበር። “እሺ፣ ና፤ እኔ ከኋላህ ነኝ፣” አሉ።

መስታወት የሚሸከም ሰው የራሱ ዘዴ አለው። ጠፍሩን ከፍሬሙ ሥር ያሳልፋል፣ ትከሻው ላይ ያስገባል፣ ፍሬሙን ጀርባው ላይ ለጥፎ የመስታወቱን ፊት ወደ ኋላ ያዞራል። መንገዱን ያያል፤ መስታወቱ ውስጥ ያለውን ግን ከኋላው የሚመጣ ሰው እንጂ እሱ አያየውም። ባለመስታወቱ እንደዚያ አድርጎ ከፎቅ ወረደ። ሽማግሌው ከኋላው እያንዳንዷን ደረጃ ሲያልፍ ትንፋሻቸውን ዋጥ እያደረጉ ተከተሉት።

ዛፉ ሥር ሲደርስ ጀርባውን ለዛፉ ሰጥቶ ቆመ። ጎሚስታው ሰዉን ሁሉ ወደ ዳር ገፍቶ ጣቱን አፉ ላይ አድርጓል። ብዙ አልቆየም። ፍርር የሚል ድምፅ ሰማ፤ ከዚያ ከጆሮው ኋላ እንጨት ላይ የትንንሽ ጥፍር ጭረት።

“አትዙር፣” አሉ ሽማግሌው በሹክሹክታ።

“መጣች?”

“መጥታለች።”

“አሁንስ?”

“ራሷን እየሳመች ነው። ዝም በልና ሂድ። በአንደኛ ማርሽ።”

ባለመስታወቱ ሳቁ ሊያመልጠው ሆነ፤ ከንፈሩን ነከሰ። መራመድ ጀመረ። ወይዘሪት ለሽማግሌው እጅ ትመጣ እንደሁ ብሎ ማንም አልሞከረም፤ በዚያ ድንጋጤዋ የዘረጉባትን እጅ ሁሉ ሸሽታለች። ሰው ሳይሆን መስታወቱ ቤቷ ያግባት።

“ግራ ያዝ፣ ጉድጓድ አለ። ... በቃ፣ ቀጥ። ... ረጋ በል፣ ፍሬን፣ ፍሬን! ውሻ ነው፣ ይለፍ። ... ሂድ።” ዕድሜ ልካቸውን መሪ ይዘው፣ ከኋላ የሚያዩላቸውን ረዳት ያዳመጡ ሰው ዛሬ ረዳት ሆነው ከኋላ ያዩለታል። ባለመስታወቱም ከፊቱ ካለው መንገድ ይልቅ የሚያምነው ያን ድምፅ ነበር።

መንገዱ ተጋምሶ ሳለ አንድ ሞተር ሳይክል ከማዕዘኑ ብቅ ብሎ ጥሩንባውን ነፋው። ጥፍሮቹ ከእንጨቱ ላይ ተነሱ።

“ሄደች?” አለ ባለመስታወቱ።

“የመብራት ሽቦው ላይ ናት። ቁም። እንዳትንቀሳቀስ። እያየችህ ነው።”

ቆመ። ጠፍሩ ትከሻውን ይቆርጠዋል፣ ላብ ዓይኑ ውስጥ ይገባል፤ እጁን ግን ከጠፍሩ አያነሳም። ፀሐይዋ ከቤቶቹ ክዳን ላይ ቁጭ ብላለች። ጀርባና ፊት ሆነው ቆሙ፤ መካከላቸው መስታወቱ ብቻ አለ። ሽማግሌው መስታወቱ ውስጥ የራሳቸውን ፊት ያያሉ፣ ከእሱ ጀርባ ደግሞ የልጃቸው ባል አለ። ፊት ለፊት ሆነው ያልተነገረ ነገር እንዲህ ሲሆን ይቀል ይሆናል።

“ባለቤቴ ፀጉሯን ስታበጥር፣” አሉ ሽማግሌው፣ “አውራ ጣቷን ጠርዙ ላይ ነበር የምታሳርፈው። ዳር ላይ ብሩ የተላጠባት ቦታ አለች አይደል? እዚያች ላይ። በአንድ እጇ እሱን ይዛ በአንድ እጇ ታበጥራለች። ጠዋት ስነሳ አልጋ ላይ ሆኜ አያታለሁ። ወደ ሥራ ስሄድ የማየው የመጨረሻ ነገር እሱ ነበር።”

ባለመስታወቱ ጠፍሩን አጥብቆ ያዘ።

“የተሰነጠቀው ከላይ ነው፤ እሷ የምትይዘው ከታች። ከላይ አሳጥሮ መቁረጥ አይቻልም ነበር?”

ይቻል ነበር። በደንብ ይቻል ነበር። ከጎን የቆረጠው ግድግዳው ጠባብ ስለሆነ፣ ለዓይን ስለሚያምር ብቻ ነው። አንድ ጊዜ በሩን አንኳኩቶ “አባባ፣ በየት በኩል ልቁረጠው?” ብሎ ቢሆን ኖሮ በአንዲት ቃል ሦስት ዓመት ይተርፍ ነበር። 

“ይቻል ነበር፣” አለ። “ሳልጠይቅዎ ነው አባባ የቆረጥኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው።”

 ከኋላው ፍርር፣ ከዚያም የጥፍር ጭረት።

“ተመለሰች፣” አሉ ሽማግሌው። ድምፃቸው ሻክሯል። “ሂድ።”

ከመድኃኒት ቤት ስትሮጥ የመጣችው ሚስት ቤታቸው ደጃፍ ላይ ስትደርስ ያየችውን ማመን አልቻለችም። ባሏ መስታወት አዝሎ እንደ ሙሽራ ቀስ እያለ ይመጣል፤ መስታወቱ አናት ላይ ወይዘሪት ትንጫጫለች፤ ከኋላ አባቷ እጃቸውን እያወዛወዙ “ቀኝ፣ ቀኝ፣ በቃ!” ይሉታል፤ እሱ “እሺ አባባ፣” ይላቸዋል። ፊት ለፊት። ያለ ወፍ። አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

“ምን ትገተሪያለሽ?” አሉ አባቷ በሹክሹክታ። “ፎቅ ውጪና ያን ቀዳዳ ትራስ ወትፊበት!”

ሮጣ ወጣች። ባለመስታወቱ ደረጃውን ወጣ። በሩ ጋ ሲደርስ ሽማግሌው “ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፣ ጎንበስ፣ ከጉልበትህ፣ ከወገብህ አይደለም!” አሉት፤ አውቶቡስ በዝቅተኛ ድልድይ ሥር እንደሚያሳልፍ ሰው። ተንበርክኮ ሊገባ ምንም አልቀረውም። ገባ። በሩ ከኋላቸው ሲዘጋ ወይዘሪት ቀና ብላ ክፍሉን አየች፤ ምን የተለየ ነገር ተፈጠረ እንደማለት መልሳ ወደ መስታወቷ ዞረች።

ሚስቲቱ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሽማግሌው ወይዘሪትን ከፍሬሙ ላይ በመዳፋቸው አንስተው ሽቦ ቤቷ አስገቧት፤ አልተቃወመችም። ባለመስታወቱ መስታወቱን ከትከሻው አውርዶ ቦታው ሰቀለው። ትከሻው ላይ ጠፍሩ ያሰመረው ቀይ መስመር ይታያል። ማንም አረፍ በል ሳይለው መለኪያውን አውጥቶ ቀዳዳዋን ለካ፤ ዛሬ ሌላ “ለጊዜው” አይኖርም።

ወደ መሥሪያው ወርዶ ንጹህ መስታወት ሊያነሳ እጁን ሰደደና ተወው። በሥራ ዘመኑ እሱ ከገጠማቸው መስኮቶች ሥር አንገታቸው ተሰብሮ የወደቁ ትንንሽ ወፎች አይቷል። ንጹህ መስታወት ለወፍ ሰማይ ነው። ዛሬ ውጭውን የቀመሰች ደግሞ ነገ በዚያው ልውጣ ብላ በሙሉ ክንፏ ትመጣለች። ራሷን የምታይበት ነገር ቢሆን ግን ትቆማለች፣ ታርፋለች፣ ታወራለች። እንደሱ ያለ፣ ስንዝር ስፋት ያለው አንድ ቁራጭ እንዳለ ያውቃል። ወደ መደርደሪያው ሄደ። ፊቱን አላዞረም።

ጆንያውን ሽማግሌው ክፍል ወለል ላይ ሲፈታው አቧራው ብን አለ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዩ። ወርደው ተቀመጡ። የጠርዙን ታችኛ ጫፍ ዳበሱና አውራ ጣታቸውን ጥቁሯ ነጥብ ላይ አሳረፉ።

“ጣልኩት አላልከኝም?”

“ዋሽቼ ነው አባባ። መጀመሪያ ተቀይሜ፣ ኋላ አፍሬ።”

ሽማግሌው ጣታቸውን ሳያነሱ ብዙ ቆዩ። ዓይናቸው ሞልቶ ፈሰሰ፤ አልጠረጉትም። ሚስቲቱ መናገር ፈርታ ከአንዱ ወደ ሌላው ታያለች።

ባለመስታወቱ ቁራጩን ከቀዳዳዋ ልክ ጋር አስተያየ። ይረዝማል። መስመር አሰመረ፣ አልማዙን አነሳ፣ መስታወቱ ላይ አሳረፈው። እጁ እዚያው ቆመ። ዕድሜውን ሙሉ ያልጠየቀ እጅ ነው።

“አባባ፣” አለ፣ “ትንሽ ይረዝማል። ልቁረጠው?”

 ሚስቲቱ ሳታውቀው ዓይኗ ወደ ሽቦ ቤቱ ሄደ፤ “ለሰውዬው ንገሪው” እስኪባል። ወይዘሪትም ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ የለመደችውን ትጠብቃለች።

ሽማግሌው ቁራጩን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀስ ብለው አዞሩት፤ ስንጥቁ ያለበት ጫፍ ወደ ባለመስታወቱ፣ ነጥቧ ወደ እሳቸው እንድትሆን። አውራ ጣታቸውን መልሰው ቦታዋ ላይ አደረጉ።

“የእሷን በኩል እኔ እይዛለሁ፤ አንተ በዚያ በኩል ቁረጥ፣ ልጄ፣” አሉት፣ ወይዘሪትን ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ።